ለግሉኮስ በሬ አይሸጥም

እናቴ ካንሰር እንዳለባት የሰማሁት ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ጥር 2015 ነበር፤ አዲስ አበባ ካሉት ሆስፒታሎች አንዱ ውስጥ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አስታማሚው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። «የጡት ካንሰር ነው። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ኬሞ ትወስዳለች። ለእሷ እናንተው ንገሯት» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

እቴቴ፣ እናቴን እንዲህ ነው የምንጠራት፣ አስር እርምጃ በማይሞላ ርቀት አግዳሚ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ታየኛለች። ፈገግ አልኩላት። መዋሸት የጀመርኩት ያኔ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ መድኃኒቱ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሞልቷል። የምጽፈው ማንም አስቀድሞ ስላልነገረን ነገር ነው። በሽታው ገና ሰውነቷ ላይ እያለ የሁላችንንም እንቅልፍ፣ ጸባይና ቋንቋ እንዴት እንደወሰደ።

የዚያን ዕለት ማታ ባሶና ወራና ያለው የወላጆቼ ቤት ተሰበሰብን። እሷ ጓዳ ተኝታለች። እኛ ደጅ፣ በዚያ ብርድ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንማከራለን። አጎቴ ነገሩን ቆረጠው። «መርዶ እንኳን ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። የራሷን መርዶ ለራሷ ማን ይነግራታል?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። «ብታውቅ ድንጋጤው ነው የሚገድላት» አለች እህቴ። እኔም ተስማማሁ። እባጭ ነው፣ ይወጣል፣ ይድናል ልንላት ተነጋግረን ገባን።

በእኛ አካባቢ የበሽታው ስም ራሱ ችግር ነው። ሽማግሌዎቹ ነቀርሳ ይላሉ። ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ ይሉታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ፣ ካንሰርም የሚተላለፍ ይመስለዋል። የወንድሜ ልጅ ያኔ 6 ዓመቱ ነበር። ከአያቱ ኩባያ መጠጣት ያቆመ ቀን ማንም አላስተዋለም። እሷ ግን አስተውላለች። ከዓመት በኋላ ነው የነገረችኝ። «ልጁ ኩባያዬን ሸሸ፤ ያኔ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ» አለች። የሰፈር ልጅ ነው ለካ «አያትህ ጋ ከጠጣህ ይይዝሃል» ያለው። ካንሰር በኩባያ፣ በማንኪያ፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ይህንን ለልጆች በግልጽ መንገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን ለመንገር መጀመሪያ ስሙን መጥራት ነበረብን።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ጡቷ ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ ቁስሉ ቶሎ ዳነ። መጋቢት ላይ ኬሞ ተጀመረ። 8 ዙር፣ በየ21 ቀኑ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዋዜማው እንገባለን፣ ደም ትመረመራለች፣ በማግስቱ ትወስዳለች። ምንድን ነው ስትለን «ለቁስሉ የሚሰጥ ግሉኮስ ነው» አልናት።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው። ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ቀይ የቪምቶ ዓይነት። ከወሰዱት በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ሽንትን ቀይ ያደርጋል። ጉዳት የለውም፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ነርሷ ለእኔ ነግራኛለች። እኔ ደግሞ ለእቴቴ አልነገርኳትም። ብነግራት «ግሉኮስ እንዴት ቀይ ይሆናል» ትለኛለች ብዬ።

ቤታችን ሽንት ቤቱ ደጅ ነው። የዚያን ሌሊት የእጅ ባትሪ ይዛ ወጣች። ያየችውን አይታ ተመልሳ ተኛች። ማንንም አልቀሰቀሰችም። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አባባን «ነፍስ አባቴን ጥራልኝ» አለችው።

አባ መጡ። ረጅም ሰዓት ብቻቸውን ቆዩ። ሲወጡ በር ላይ ያዙኝ። «እኔ የሰማሁትን አልናገርም፤ ታውቃለህ» አሉኝ። «አንተ ግን ግባና ጠይቃት። ዛሬውኑ ጠይቃት።»

ገባሁ። መደብ ላይ ቁጭ ብላለች። ነጠላዋን መስቀለኛ አድርጋለች። ነጠላው ሲታየኝ ጉልበቴ ተፈታ።

«ደም እየሸናሁ ነው» አለች። «ሁለት ቀኔ። ኑዛዜዬን ጨርሻለሁ። የእህትህን ነገር አደራ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መድኃኒቱ ነው አልኳት። ቀለሙ ነው፣ ደም አይደለም፣ ነገ ይለቃል። ትንሽ ዝም አለች። «ግሉኮሱ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፤ «ለግሉኮስ በሬ ይሸጣል እንዴ?»

ዳልቻን አባባ ከሸጠው ወር ሆኖት ነበር። ለግጦሽ ዘመድ ጋ ሄዷል ብለናት ነበር። እሷ በሬው ከበረት የወጣ ቀን ነው ያወቀችው። ከዚያ ወዲህ አውቃ እንደማታውቅ ትሆናለች፤ እኛ ደብቀን የደበቅን ይመስለናል። «እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው» አለችኝ። እኛም ስለ እሷ ያልነው ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ሁለት ሌሊት ነው። ሞቷን ብቻዋን ጠበቀች። ሦስት ልጅና ባል ግድግዳ ለግድግዳ ተኝተን። በሽታው አልነበረም ያን ያደረገው፤ እኔ ነኝ።

«ንገሯቸው» ብዬ ብቻ ግን አልተውም። ሁሉም ሰው እኩል ማወቅ አይፈልግም። ስድስት ወር አብሮን አዲስ አበባ የተመላለሰ የመንዝ ሰው ነበር፤ «ለልጄ ንገሩት፣ ለእኔ ስሙን አትንገሩኝ» ያለ። መብቱ ነው። ኋላ ላይ አንዲት ነርስ እንዴት እንደሚጀመር አሳየችኝ። መጀመሪያ አትነግርም፤ ትጠይቃለህ። «ሕመምሽ ምን ይመስልሻል?» ትላለህ። ከዚያ ዝም ትላለህ። አብዛኛው ሰው ከምታስበው በላይ ያውቃል። ቀጥሎ «ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» ትላለህ። የምትለውን ትቀበላለህ። እኛ አጎቴን፣ እህቴን፣ ጎረቤትን ሁሉ ጠይቀን የሕመሙን ባለቤት ብቻ ነው ያልጠየቅነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ቀለለ። ሳቅ ተመለሰ። በሁለተኛው ዙር ቀዩ መድኃኒት በቱቦ ሲወርድ ትኩር ብላ አየችውና «ይሄ የዳልቻ ደም ነው» አለች። አጠገባችን ያሉት ታካሚዎች ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ፀጉሯ መርገፍ የጀመረው ከመጀመሪያው ዙር ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ትራሱ ላይ በእፍኝ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን «ላጩኝና ልረፈው» አለች። እህቴ ምላጭ ይዛ ስትቀመጥ እጇ ተንቀጠቀጠ። በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው ሐዘን ሲመታት ነው። ለፋሲካ የመጣ እንግዳ ሁሉ ሻሿን አይቶ «ውይ! ማን ሞቶብሽ ነው?» ይላል። እሷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝም ትላለች። አንድ ቀን ግን ለአንዷ «ጡቴ» አለቻት። ሴትዮዋ የያዘችው ስኒ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። እቴቴ ለሳምንት ያህል ያንን እያስታወሰች ስትስቅ ሰነበተች። እህቴ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም። ሰው በአንድ ቤት ውስጥም አንድ ዓይነት አያዝንም።

ሌሊቶቹን ልንገራችሁ። ከኬሞ በኋላ ሁለት ሦስት ሌሊት አትተኛም። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ እቃ ታንኳኳለች። በትንሹ ትቆጣለች። ጎረቤት «መንፈስ ነው» ማለት ጀመረ። እኛም ልናምን ምንም አልቀረን። ለካ ለማስመለሱ ተብሎ የሚሰጣት ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ ያሳጣል፣ ጸባይም ይቀያይራል። ሐኪሟን ስንጠይቅ ክኒኑን ማታ ሳይሆን ጠዋት እንድትወስድ አደረገላት፤ በጣም ቀለላት። ታማሚያችሁ በድንገት ሌላ ሰው ከሆነባችሁ፣ ከመንፈሱ በፊት መድኃኒቱን ጠይቁ።

ጥየቃው ደግሞ አለላችሁ። ታማሚ መጠየቅ ወጋችን ነው፤ አልነቅፍም። ግን ይመጣሉ፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ከዚያ «የእገሌ እናትም በዚሁ ነው የሄደችው» ይላሉ። አልጋዋ ስር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። እሷ እንግዶቹን ስታጽናና ትውላለች። አንድ ቀን 14 ሰው ቆጥሬያለሁ። በዚያ ላይ ከኬሞ በኋላ የሰውነት መከላከያ ይወርዳል። ጉንፋን የያዘው ሰው ለእሷ አደጋ ነው። ሙቀቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰዷት ተብለናል። ሰውን በር ላይ መመለስ ግን እንዴት ይቻላል? አባ አቃለሉልን። የዕድሩ ሰዎች ስብሰባ ላይ ተገኝተው «ሐኪም ከልክሏል፤ ከደጅ ጸልያችሁ ሂዱ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው በር ላይ ቆሞ ይመርቃል፣ እንጀራውን ለእህቴ ሰጥቶ ይሄዳል። ማንም አልተቀየመም። እኔ ብናገር ኖሮ እስከ ዛሬ የሚኮርፈኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጾም ነበር። እንቁላልና ወተት ንኪ ስትባል እምቢ አለች። «በሽታው የኃጢአቴ ነው፣ ጾም ሽሬ ጨምሬ ላባብሰው?» ትላለች። ይህች የኃጢአት ነገር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች! ምን በድዬ ነው፣ ማንን ቀምቼ ነው፣ የማን እንባ ነው። ክርክር አይፈታውም። እኔ ስለ ሕዋስ ሳስረዳት ታዳምጠኝና «እሺ፣ ግን ለምን እኔ?» ትላለች። ለዚያ መጽሐፌ ውስጥ መልስ የለም። አባ «ብዪ ብያለሁ፤ ሸክሙ በእኔ» አሏት። በላች።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ደከማትና «በቃኝ፣ ጻድቃኔ ማርያም ውሰዱኝ፣ ጠበሉን ልጠመቅ፣ መድኃኒቱን ተዉት» አለች። ተጣላን። ጮህኩባት። እናቴ ላይ። ልክ አልነበርኩም። እሷ እየነገረችኝ የነበረው መድከሟን ነው፤ እኔ የሰማሁት እምቢታን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሐኪሙን ጠየቅን፤ ደሟ እስኪስተካከል ጠብቃችሁ፣ ቀጠሮ ሳታሳልፉ ሂዱ አለን። በሁለት ዙር መካከል ወሰድናት። ሁለት ቀን አደረች። ስትመለስ «አሁን እቀጥላለሁ» አለች። ጠበልና ኬሞ የተጣሉት በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

እህቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን እየሆነች እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሽማግሌ ሊላክባት ወር ቀርቶት ነበር። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ ዘር ይጠየቃል። «ከዘሯ ላይ ነቀርሳ አለ» ይሉኛል ብላ ለእጮኛዋ እንኳን ሳትነግር አምስት ወር ቆየች። ማታ ማታ ጡቷን ትዳብሳለች። ዳብሳ ዳብሳ አቁስላዋለች። አንድ ቀን ከእቴቴ ጋር ስትሄድ ሐኪሟን በድፍረት ጠየቀችው። ከጡት ካንሰር ውስጥ በዘር የሚተላለፈው ከመቶ 5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ክትትል ማድረግ እንዳለባት፣ ግን ተፈርዶባት እንዳልሆነ። ለእጮኛዋ የዚያን ዕለት ደውላ ነገረችው። መጣና እቴቴን ጠየቃት፤ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዞ። ሽማግሌዎቹም መጡ።

ወደ እኔ ልምጣ። አስታማሚ ሲታመም አይታይም። ክፍል ውስጥ ስለ ሕዋስ ክፍፍል እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት አድርጌ ስስል ጠመኔው ቆመ። ቀጥል አለኝ አንድ ተማሪ፣ በጨዋ ደንብ ነው። ጮህኩበት። እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ልቤ ሌሊት ሌሊት ይመታል። ብብቴን እፈትሻለሁ፤ እኔም የያዘኝ ይመስለኛል። በ2015 ክረምት ማብቂያ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ቀጠሮዋ ሲያልፍ፣ በቀን ሃያ ጊዜ መናኸሪያ እየደወልኩ የማደርገውን አጣሁ። 9 ቀን አለፈን። ሐኪሙ «ምንም አይደል፣ እንቀጥላለን» ሲለን እሷ ሳይሆን እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ባልደረባዬ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳነጋግር ሲመክረኝ «አማኑኤል ልታስገባኝ ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። ሄድኩ። መድኃኒት አልሰጠኝም። እንዴት እንደምተኛ፣ ማን እንደሚያግዘኝ ጠየቀኝ። «ማንም» አልኩት። «ጠይቀህ እምቢ ያለህ ማን ነው?» አለኝ። ማንንም አልጠየቅኩም ነበር። ከዚያ ተራ ገባን። አንዱን ዙር እኔ፣ አንዱን እህቴ። ያለሁበት ዙር ሳይሆን የምቀርበት ዙር ነው መጀመሪያ ላይ የከበደኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር አለ። ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ይህን ቀድመን ብናውቅ ዘመድ ቤት እያስቸገርን ባልተሳቀቅን። እቴቴ ስለ ሕመሟ አፏን ሞልታ ያወራችው ከእኛ ጋር አይደለም። ወረፋ ስትጠብቅ ካገኘቻት የወሎ ሴት ጋር ነው። ሁለቱ ጠባሳቸውን እየተያዩ ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። ዛሬም በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ስልኳን ሲያነሡ «አለሽ?» «አለሁ» ይባባላሉ፤ ሰላምታቸው ይኸው ነው።

አባባን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት እኛም ያኔ መጨረሻ ላይ ስላየነው ነው። ቁስሏ ሲጠረግ ይወጣል። በረት አጠገብ ይቀመጣል። ዳልቻ የሌለበት በረት ውስጥ። ደንታ የለውም ብለን በሆዳችን ቂም ይዘንበታል። ሰኔ ላይ «መንዝ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ጠፋ። በአራተኛው ቀን በከረጢት ነጭ የበግ ፀጉር ይዞ መጣ። ታጥቦ፣ ተባዝቶ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። አጠገቧ አስቀመጠና ወጣ። ምንም አላለም።

እቴቴ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ከአሮጌ ነጠላ ላይ ቀደደች፣ ሰፋች፣ ሞላችው። ስትለብሰው ቀሚሷ በሁለቱም በኩል ተስተካከለ። ግን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይሸሻል። ፈታችና አንድ እፍኝ ገብስ ጨመረችበት። አሁን ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ዝናብ ሲነካው እንዳይበቅልብኝ ትላለች።

ኬሞው ካለቀ ቆየ። አሁን በቀን አንድ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ትውጣለች፤ ቢያንስ 5 ዓመት ተብላለች። ክትትሉ በየስድስት ወሩ ነው። ፍርሃቱ አላለቀም፤ የቀጠሮ ፍርሃት ሆኗል። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ወገቧን ያማታል፣ ጭንቅላቷን ያማታል፣ ሁሉም «ተመልሶ መጣ» ይመስላታል። ሐኪሙን ስታገኝ የምትጠይቀውን በወረቀት አጽፋ ትይዛለች፤ እዚያ ስትደርስ ይጠፋባታላ። ሁለት ሆነን ነው የምንገባው። አንዳችን እንሰማለን፣ አንዳችን እጇን እንይዛለን።

ቀጣዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እህቴ ከአሁኑ ቤቱን ማጠብ ጀምራለች። አባባ ትናንት ደውሎ «መኪናው ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አለኝ። እስከ ዛሬ አብሮን ሄዶ አያውቅም።